የአምበል ስንብት

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔቱ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ምን እንደምንጽፍ ብዙ አላሰብንም። ጉዳዩ አስቀድሞ በመካከላችን ተነሥቶ ነበርና። ነገሩም እንደሚከተለው ነው።

የትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ቡድን አምበል ዘንድሮ ከእኛ ጋር 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። ቡድኑን ዘንድሮ መርቷል። ስለዚህ «በምን እንሸኘው?» የሚል ጥያቄ በክፍላችን ተነሣ። አንዳንዶቻችን ገንዘብ አዋጥተን የእጅ ሰዓት እንግዛለት አልን። ሌሎቻችን ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር የስንብት ግጥሚያ ይደረግለት አልን። ጥቂቶችም «ተጫወተ፥ ጨረሰ፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» ብለው ሣቁ። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ከመካከላችን አንዱ ያለፈውን ዓመት አምበል ስም ጠራ። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

ያለፈው ዓመት አምበል የመጨረሻ ግጥሚያውን አልፈጸመም። ጉልበቱን ታሞ ከዕረፍት በኋላ ከሜዳ ወጣ። ዝናብም ይጥል ስለ ነበር ተመልካቹ ከእርሱ ይልቅ መጠለያ ይፈልግ ነበር። በማግሥቱ ማልያውን አጥቦ፥ አጣጥፎ፥ ለዕቃ ክፍል አስረከበና ሄደ። አንዲት የምስጋና ቃል የነገረው ሰው አልነበረም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስንለማመድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲመለከተን እናየዋለን። የተማሪነት መታወቂያ ስለሌለው ዘበኛው አያስገባውም። ዘበኛው የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም። ጥፋቱ የእኛ የተማሪዎቹ ነው።

እንግዲህ ራሳችንን ከመውቀስ ይልቅ ታሪክን ብንጠይቅ ይሻላል ብለን፥ በአገራችንና በውጭ አገር አንጋፋ ተጫዋቾች እንዴት እንደ ተሰናበቱ መመርመር ጀመርን። ያገኘነውን ለአንባብያን እናቀርባለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዘመን ላገለገለ ተጫዋች የስንብት ግጥሚያ ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው። ከመግቢያ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለተሰናባቹ ይሰጣል። ይህ ልማድ የተጀመረው ተጫዋቾች ደመወዛቸው አነስተኛ በነበረበት ዘመን ስለ ሆነ፥ ገንዘቡ ለብዙዎቹ የጡረታ ያህል ነበር። በዚህ ዐይነት ከተሸኙት መካከል ስመ ጥሩው ስታንሊ ማቲውስ ይገኛሉ። እኒህ ሰው 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን ተጫውተዋል። በሚያዝያ ወር 1957 ዓ.ም በስቶክ ከተማ በተደረገላቸው የስንብት ግጥሚያ ላይ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ታላላቅ ተጫዋቾች ተሰለፉ። በመጨረሻም የሶቪየት ኅብረቱ በረኛ ያሺንና የሀንጋሪው ፑሽካሽ በትከሻቸው ተሸክመው ከሜዳ አወጧቸው።

የብራዚሉ ፔሌም በመስከረም ወር 1970 ዓ.ም በአሜሪካ አገር በተሰናበቱ ጊዜ፥ ግጥሚያው የተደረገው በሁለቱ ክለቦቻቸው፥ በኮስሞስና በሳንቶስ መካከል ነበር። የመጀመሪያውን አጋማሽ ለኮስሞስ፥ ሁለተኛውን ደግሞ ለሳንቶስ ተጫወቱ። ባደጉበትም በተጦሩበትም ክለብ ማልያ መሰናበታቸው ነው።

ይህ ሁሉ ያማረ ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን የስንብቱ ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው። ጭብጨባው ካለቀ፥ አበባው ከጠወለገ በኋላ ያ ሰው በማግሥቱ ጧት ምን ይሠራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘነው ከውጭ አገር ሳይሆን ከዚህችው ከከተማችን ከአዲስ አበባ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች በአራዳ ሠፈር የእግር ኳስ ክለብ አቋቋሙ። ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ጊዜው ግን ለጨዋታ የሚመች አልነበረም። የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወሮ ወደ መሐል ይገሠግሥ ነበር። ክለቡ ከተመሠረተ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር አብረው እንዳይጫወቱ ተከለከለ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር እንዲባል ተገደደ። እንግዲህ በዚያን ዘመን ለዚህ ክለብ መሰለፍ ኳስ መምታት ብቻ አልነበረም፤ ማንነትን አለመልቀቅም ጭምር ነበር።

ክለቡ በተመሠረተበት ጊዜ ከተሰለፉት ልጆች አንዱ የ14 ዓመቱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የተወለዱት በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፥ በዕለተ እንቍጣጣሽ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፥ ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ልጃቸው የተማሩት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ኳስን የለመዱትም እንደ እኛ በተማሪነት ዘመናቸው ነው።

አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። የተወዳደሩት 5 ቡድኖች ነበሩ። የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፥ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድን፥ እንዲሁም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ናቸው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ቆይቶ በ1942 ዓ.ም የአገሪቱ ሻምፒዮና ለመሆን በቃ።

አቶ ይድነቃቸው ለዚህ ክለብ ከ1928 እስከ 1950 ዓ.ም ድረስ 23 የውድድር ዘመናት ተጫወቱ። ሌላ ክለብ አልቀየሩም። ስለ ሕይወታቸው በተጻፈው ታሪክ እንደ ተመዘገበው፥ 365 ግጥሚያ ተጫውተው 318 ጐል አግብተዋል። ለብሔራዊ ቡድናችንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ይህን ቍጥር በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስንመለከተው ብዙዎቻችን ማመን አቃተን። 23 ዓመት ማለት ከእኛ ከእያንዳንዳችን ዕድሜ ይበልጣልና።

ነገር ግን ከጐሎቹ ብዛት ይልቅ እኛን ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው። አቶ ይድነቃቸው ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ዓ.ም ቢሆንም፥ ለስንብታቸው መዘጋጀት የጀመሩት ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነበር። ገና ተጫዋች ሳሉ የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙትና ሥራውን ካደራጁት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ቅዳሜና እሑድ ማልያ ለብሰው የሚሮጡት ሰው፥ በሥራ ቀን ስለ ደንብ፥ ስለ ውድድር መርሐ ግብርና ስለ ዳኞች ያስቡ ነበር። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ከተማ ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ ገና ጫማቸውን አልሰቀሉም።

እንግዲህ ኳስ መጫወት ባቆሙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ተሻገሩ እንጂ ከእግር ኳስ ቤት አልወጡም። ክለባቸውና ፌዴሬሽናችን ለእኒህ አንጋፋ ሰው የሰጡት ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለናል። እያረጁ ሲሄዱ «ዘመንህ አልፏል» ብለው አልገፏቸውም፤ ከዕውቀታቸው የሚጠቀሙበትን ሥራ ሰጧቸው።

የዚህም ፍሬ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በጥር ወር 1954 ዓ.ም ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ ብሔራዊ ቡድናችንን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድናችን ቱኒዝያን 4 ለ 2 ረትቶ ለፍጻሜ ደረሰ። ጥር 13 ቀን፥ ጥምቀት በተከበረ በሁለተኛው ቀን፥ እሑድ ዕለት፥ የዚያን ጊዜውን የተባበረ ዐረብ ሪፐብሊክ፥ ማለት ግብፅን ገጠመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፥ ቀጥሎም መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጐል ጨመሩ። በ4 ለ 2 ውጤት ዋንጫው የኢትዮጵያ ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ በእጃቸው አስረከቡ።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት መሪዎች ነበሩ። አንደኛው ከሜዳው ዳር የቆሙት አሠልጣኝ፥ ሁለተኛው ዋንጫውን ከፍ ያደረጉት አምበል ናቸው። ስንብታቸው ግን አንድ ዐይነት አልሆነም።

አቶ ሉቻኖ ቫሳሎ በአሥመራ ከተማ በ1927 ዓ.ም ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለዱ። በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ ተጫውተው ስማቸውን አስጠሩ። ከ1954 ዓ.ም በኋላም በተደረጉት የአፍሪቃ ዋንጫ ውድድሮች ለአገራቸው ተሰልፈዋል። ዘመኑ ግን ተለወጠ። በደርግ ጊዜ፥ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ እንደ ተሰደደ፥ እርሳቸውም ወደ ኢጣልያ ተሰደዱ። ኑሯቸውን በዚያው አድርገው፥ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም በ87 ዓመታቸው በሮም ከተማ ዐረፉ። አገራችን እስከ ዛሬ ያገኘችው የአፍሪቃ ዋንጫ ያ አንዱ ብቻ ነው። ያን ዋንጫ የተቀበሉት እጆች ከአርባ ዓመት በላይ ከእኛ ርቀው ኖሩ። ለልጆች ማስተማር የሚችሉት ስንት ነገር ነበር! «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በእውነት ይሠራል።

የጊዜው ችግር ከክለብና ከፌዴሬሽን ዐቅም በላይ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ስለዚህ በማንም ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። የምንለው ይህ ነው፤ የአምበል ስንብት በጊዜው ካልተደረገ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

ከሁለቱ ሌላ መንግሥቱ ወርቁንም ማስታወስ ይገባናል። የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ የነበሩት አቶ መንግሥቱ በዚያው በ1954 ዓ.ም ውድድር 3 ጐል አግብተው ከግብፁ ባደዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነትን ስም ተካፈሉ። መጫወት ካቆሙም በኋላ አሠልጣኝ ሆነው በ1974 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድናችንን በሊቢያ ወደ ተደረገው የአፍሪቃ ዋንጫ መርተዋል። ይህም የአቶ ይድነቃቸው ዐይነት ስንብት ነው። አሠልጣኙ የሠሩትን ተጫዋቻቸው ተማረው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። እኛ የኮልፌ ልጆች በተለምዶ ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው የፖሊስ ሠፈር አጠገብ ስናልፍ፥ ኔልሰን ማንዴላ እዚህ ሠልጥነዋል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነው። ማንዴላ ወደ ኮልፌ መጥተው የወታደር ትምህርት የተማሩት በ1954 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ፥ ማለት የአፍሪቃ ዋንጫ በከተማችን ከተደረገ ከወራት በኋላ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ተይዘው እስከ 1982 ዓ.ም ታሰሩ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የካርቱሙ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ደቡብ አፍሪቃም ከአራቱ መሥራች አገሮች አንዷ ነበረች። ለመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫም ከኢትዮጵያ ጋር እንድትጋጠም ዕጣ ወጥቶላት ነበር። ነገር ግን ነጮችና ጥቍሮች በአንድ ቡድን አብረው እንዲሰለፉ አልፈቅድም ስላለች ከውድድሩ ተወገደች። በወረራው ዘመን ከነጭ ጋር እንዳይጫወቱ ተከልክለው ያደጉት አቶ ይድነቃቸው የዚህን ትርጕም ከማንም ይበልጥ ያውቁት ነበር። ስለዚህ በዘር ላይ የቆመውን አገዛዝ በስፖርት መድረክ ሁሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተቃወሙ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋም በ1968 ዓ.ም ደቡብ አፍሪቃን ከአባልነት አስወጣት።

ደግሞም አፍሪቃ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት ታገሉ። ለ1958 ዓ.ም የዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ አንድም የተጠበቀ ቦታ ባለመኖሩ፥ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ነበሩ። የአፍሪቃ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም አንድ፥ በ1974 ዓ.ም ሁለት ቦታ ለአፍሪቃ ተሰጠ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም ጀምረው የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚደንት ሆነው ሠርተው፥ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በዚሁ ሥልጣን ላይ እንዳሉ ዐረፉ። የማንዴላን መፈታት ለማየት አልታደሉም። ደቡብ አፍሪቃ ግን ከ1984 ዓ.ም በኋላ ወደ አፍሪቃ ማኅበር ተመልሳ፥ በ1988 ዓ.ም በራሷ አገር የአፍሪቃን ዋንጫ በላች። በዚያን ዕለት በኮልፌ የሠለጠኑት ማንዴላ ፕሬዚደንት ሆነው፥ የቡድኑን ማልያ ለብሰው በሜዳው ተገኙ።

እስቲ እናስብ። አቶ ይድነቃቸው በ1950 ዓ.ም በአንድ ሰዓትና በአንድ የአበባ ጕንጕን ተሸኝተው ቢቀሩ ኖሮ፥ 318 ጐል ያገባ ሰው ተብለው ብቻ በታወሱ ነበር። ታላቁን ሥራቸውን የሠሩት ግን ኳስ ካቆሙ በኋላ ባሉት 29 ዓመታት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርት አግኝተናል። አንደኛ፥ ስንብት በመጨረሻው ቀን የሚታሰብ ነገር አይደለም። አምበሉ ገና ሳይሄድ የሚያውቀውን ለሚተኩት ማስተላለፍ አለበት፤ ኤልያስ መጐናጸፊያውን ለኤልሳዕ የተወለት ኤልሳዕ አስቀድሞ ሲከተለው ስለ ኖረ ነው። ሁለተኛ፥ ለሚሰናበተው ሰው ከዕቃ ይልቅ ሥራ ይበልጥበታል። ሦስተኛ፥ በሩ ሊዘጋበት አይገባም።

ይህንኑ ይዘን ወደ ክፍላችን ተመለስን፤ ክርክሩም በስምምነት አለቀ። የእጅ ሰዓቱ ቀረ። በተዋጣው ገንዘብ ሁለት ኳስ ተገዛ። አምበላችን ኳሶቹን ተቀብሎ ከክረምቱ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የ9ኛ ክፍል ልጆችን ለማሠልጠን ቃል ገባ። የስፖርት መምህራችንም በጉዳዩ ተስማምተው፥ ለቀድሞ ተጫዋቾች የመግቢያ ወረቀት እንዲሰጥ ለአስተዳደሩ አመለከቱልን። ወረቀቱም ተፈቀደ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ለአምበላችን ልንሰጠው ስንል እርሱ አልቀበልም አለ። «መጀመሪያ ለእርሱ ስጡት» ብሎ ወደ አጥሩ አመለከተን። ሄደን ጠራነው። ያለፈው ዓመት አምበል ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያም ለዘበኛው አሳየና ገባ። ጉልበቱ ዛሬም አልዳነለትም፤ ስለዚህ አልሮጠም። ከጐሉ ጀርባ ቆሞ በረኛችንን እንዴት እንደሚቆም ያስተምረው ጀመር።

እኛም በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ለወላጆቻችን፥ ለመምህራኖቻችንና ለሚተኩን ተማሪዎች የምንተወው ማሳሰቢያ አጭር ነው። ያገለገላችሁን ሰው ስታሰናብቱ፥ በማግሥቱ ተመልሶ የሚመጣበትን መንገድ አብራችሁ ስጡት።